ዳዊት መድገም፦ የማለዳ ጸሎትና የንባብ ታሪክ

በአማርኛ «ዳዊት አነበበ» ሲባል የሚሰማው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ዘወትር የሚባለው «ዳዊት ደገመ» ነው። ቃሉ ልማዱን ይገልጠዋል። አንባቢው በየማለዳው ወደ መጽሐፉ የሚቀርበው አዲስ ነገር ሊፈልግበት ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ያለውን ዳግመኛ ሊለው ነው። ጎሕ ሲቀድ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚቆም ሰው ከ150ው መዝሙራት የዕለቱን ድርሻ ያውቃል፤ መዝሙራቱ ለሳምንቱ ቀናት ተደልድለዋልና። አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ መላው ዳዊት 15 ንጉሥ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለየቀኑ የተከፈለ በመሆኑ የዕለቱ ክፍል ይከተላል። እህል ውኃ የሚቀመሰው ከዚህ ወዲያ ነው።

ይህ የቤት ጸሎት በደብር ከሚደርሰው የማኅበር ጸሎት የተለየ ነው። በደብሩ ካህናት በየማለዳው ኪዳን ያደርሳሉ፤ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በሰዓታት ድርሰቱ ስሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተጽፏል። የቤቱ ማለዳ ግን ችላ ተብሎ ቆይቷል፤ የንባባችን ታሪክ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ደግሞ በዚያ ነው። የጸሎቱ መጽሐፍና የልጆች የንባብ መጽሐፍ አንድ ነበሩና።

ልጁ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ይቆጥራል። ሥርዓቱን በተለወጠው አቡጊዳ፣ ፊደሉን በዓይኑ የለየው እንጂ በቃሉ ብቻ የያዘው አለመሆኑ ይፈተናል። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አድርሶ ወደ ዳዊት ይገባል። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ዳዊቱን የጨረሰ ዕለት ወላጆቹ ይደግሳሉ፤ ለየኔታም ስጦታ ያቀርባሉ። ለብዙዎች ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም የተማሩበትን መጽሐፍ በየማለዳው ሲደግሙ ይኖራሉ። የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ መጽሐፉን እስከ እርጅናው ድረስ በየቀኑ የሚገልጥ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪ አይገኝም።

መጽሐፉ ግን ለሁሉ አልደረሰም። ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ ብራና የሚሆንለት፣ ቀለሙ የሚበጠበጥለት፣ ጸሐፊው ወራት የሚቀመጥለት ዳዊት የገበሬ ጥሪት የሚችለው ዕቃ አልነበረም። በባላባታዊው ሥርዓት ዘመን ትልልቁ ቤት መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን በቀለብ የሚያድር ዳዊት ደጋሚም ነበረው፤ ጌታው ባይነሣ እንኳ ጸሎቱ በስሙ ይደርስለታል። ገበሬው በዚያው ሰዓት በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት አማትቦ አቡነ ዘበሰማያትን በቃሉ ይላል፤ መቁጠሪያ የያዘም 41 ጊዜ እግዚኦታውን ያደርሳል። ሴቶች ልጆች ከመኳንንት ቤት ጥቂቶቹ በቀር ከፊደል ገበታ ፊት አልተቀመጡም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል ከበዛብህ ዘንድ የምትማረው የፊታውራሪ ልጅ ስለሆነች ነው፤ ነገሩ ልብ ወለድ ቢሆንም የዘመኑን ወግ በትክክል ያሳያል።

ከመንገደኛ መነኩሴ ጋር ባሕር የተሻገረውም ይኸው መጽሐፍ ነው። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ከእነዚህ መነኮሳት ተምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት ተሳስቷል፤ ቢሆንም በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። መነኮሳቱ ለማስተማሪያ ያቀረቡት በየማለዳው የሚደግሙትን መሆኑ አያስደንቅም።

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ደጋሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚለውን አይረዳም ነበር። ግእዝ የአፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ የመዝሙሩም ፍቺ ዜማንና ቅኔን አልፈው ትርጓሜ ቤት ለደረሱ ጥቂቶች የተጠበቀ ነበር። ሕዝቡ ቃሉን ተሸክሞ ምሥጢሩን ለሊቃውንት መተዉ ለገዢው መደብ ምቹ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም ልማዱን በዚህ ብቻ የሚነቅፉ ሰዎች ግማሹን ይስታሉ። የግእዝና የአማርኛ ፊደል አንድ ነው፤ ስለዚህ ግእዙን ሳይረዳ ማንበብ የቻለ ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው አማርኛውን እየተረዳ አነበበ፤ ጻፈም። በወሎና በሐረር የቁርአን ቤት ተማሪም በዓረብኛው ፊደል የራሱን ቋንቋ የጻፈው እንዲሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በ9539 ገጽ ወደ አማርኛ የመለሰው የጎጃሙ አባ አብርሃም፣ በሌላ ስሙ አቡ ሩሚ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፈው ደብተራ ዘነብ፣ ኋላም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከዚሁ ገበታ የተነሡ ናቸው። አማርኛን በጽሕፈት ያሳደጉት አማርኛ ማንበብን በትምህርትነት ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ጎልማሶች ማንበብን የሚማሩት በጸሎት መጽሐፍ ሳይሆን ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ በተጻፈ ጽሑፍ ሆነ። የማስተማሪያው ቋንቋ እየጨመረ ሄዶ 15 ደረሰ፤ ሁሉም የተጻፉት በዚሁ በግእዝ ፊደል ነበር። ከዘመቻው ተማሪዎች መካከል አቡነ ዘበሰማያትን ከልጅነታቸው ጀምሮ በየማለዳው በቃላቸው ሲሉ የኖሩ፣ «አ»ን ከ«በ» ግን ያን ጊዜ በዓይናቸው የለዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ።