ዘፈን በፍርድ ቤት የተከሰሰበት ዘመን

የዓለምን ታሪክ ስንመረምር መንግሥታት የጠላትን ጦር ሲፈሩ በብዙ ገጽ እናገኛለን። ጊታርን የፈራ መንግሥት ግን ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የቼኮዝሎቫኪያን ነገር ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናወሳ ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1968 የአገሪቱ መሪ አሌክሳንደር ዱብቼክ ሳንሱር እንዲቀር ስላደረጉ ሕዝቡ በግልጽ መናገርና መጻፍ ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ በነሐሴ ወር የሶቪየት ኅብረትና የተባባሪዎቿ ጦር በታንክ ገባ፤ ያም ተስፋ በአጭሩ ተቀጨ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚላን ህላቭሳ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ፣ ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ ማለት ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር በፕራግ «ዘ ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» የተባለውን የሮክ ቡድን አቋቋመ።

እነዚህ ወጣቶች መንግሥት እንገለብጣለን ብለው አልተነሡም፤ የወደዱትን ዜማ እንደ ወደዱት ለመጫወት ብቻ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ግን ለሕዝብ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሁሉ ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ፈቃድ ሰጪዎቹም የዘፈኑን ቃል ብቻ ሳይሆን የቡድኑን ስምና የጠጉሩን ርዝመት ጭምር ይመለከቱ ነበር። በ1970 ፈቃዳቸው ተነጠቀ፤ የመንግሥት የነበረው የሙዚቃ መሣሪያም ተወሰደባቸው። እነርሱ ግን በወዳጆቻቸው ሠርግና በገጠር ቤቶች መጫወታቸውን አልተዉም። በመጋቢት 1974 በቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ሊያዳምጧቸው የመጡትን ወጣቶች ፖሊስ በዱላ ደበደባቸው፤ ከተማሪዎቹም መካከል ከትምህርት ገበታቸው የተባረሩ ነበሩ።

በ1976 ሙዚቀኞቹ ተያዙ። በመስከረም ወር ከቡድኑና ከወዳጆቹ አራት ሰዎች ሁከት ፈጥራችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ፍርዱም ከ8 እስከ 18 ወር እስራት ሆነ።

የሳንሱሩ ስሕተት የታየው እዚህ ላይ ነው። ለጠጉረ ረጃጅሞች ማንም አይቆምላቸውም ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሥራዎቻቸው የታገዱባቸው የቲያትር ደራሲ ቫትስላቭ ሃቬል ፍርዱን በቦታው ተገኝተው ተመለከቱ፤ የዘፋኙ አፍ ሲዘጋ የደራሲውም የፈላስፋውም አፍ አብሮ እንደሚዘጋ ጻፉ። በ1977 መጀመሪያ 240 ያህል ሰዎች «ቻርተር 77» የተባለውን ጽሑፍ ፈርመው አወጡ፤ መንግሥት ስለ ሰብአዊ መብት የገባውን ቃል እንዲያከብርም ጠየቁ። ከቃል አቀባዮቹ አንዱ የ69 ዓመቱ ፈላስፋ ያን ፓቶችካ ከረጅም የፖሊስ ምርመራ በኋላ በመጋቢት ወር ዐረፉ።

ሮክ ብቻውን መንግሥት ገለበጠ ብንል ታሪክን ማዛባት ይሆንብናል፤ የሶቪየት ኅብረት ፖለቲካ መለወጡ ታላቅ ምክንያት ነበረና። ቢሆንም በኅዳር 1989 ተማሪዎች በፕራግ ሰልፍ ሲወጡና ሕዝቡ ሲከተላቸው፣ ከመሪዎቹ መካከል የቻርተሩ ሰዎች ተገኙ። በዓመቱ መጨረሻም ሃቬል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በቼኮዝሎቫኪያ ግን ድሩን እንዲያብር ያደረገው ከሳሹ ራሱ ነበር። ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበት እኛ ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው፣ የማንወደውን ዜማ የሚያዜም ሰው አፉ ሲዘጋ ዝም ካልን፣ ነገ የእኛ ሲዘጋ የሚቆምልን እንደማናገኝ ነው።