ዓሣ ስም ያጣው ለምንድን ነው?

ሮዝመሪን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ? አብዛኛው ሰው «ሥጋ መጥበሻ» ወይም «የጥብስ ቅጠል» ይላል። ቅጠሉ ለማን እንደተመደበ ስሙ ራሱ ይናገራል።

እስቲ ደግሞ ለዓሣ እንሞክረው። ቆሮሶውን አጥባችሁ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትላችሁ፣ ጨውና ሎሚ አሽታችሁ ትሪ ላይ አጋድሙት። ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጥቂት ሥጋ መጥበሻ አድቅቁ፤ ከደረቅ ዳቦ ፍርፋሪና ከዘይት ጋር ለውሳችሁ ከላይ አልብሱት። በ200 ዲግሪ በጋለ ኦቭን ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ምግብ ምን ብለን እንጥራው? ስም የለውም! የዓሣ ቤት ሜኑ ላይ ያሉትን ተመልከቱ፦ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት። ሁሉም ከሥጋ የተዋሳቸው ስሞች ናቸው። የኦቭኑም ነገር እንዲሁ ነው። «ፉርኖ» የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛው የምድጃ ስም ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን የዳቦና የዱቄት ስም ሆኖ ቀረ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጋምቤላ ወይም በኦሞ ዳርቻ ዓሣ የዕለት ምግብ ነው። ደገኛው ማዕድ ላይ ግን ዓሣ የቀረበው በአብዛኛው የሥጋ ምትክ ሆኖ ነው፣ ያውም በጾም። እሱም ቢሆን ያከራክራል። እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ በመንበሯ ሥር የነበርንላት የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን በነቢያትና በሐዋርያት ጾም፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር፣ ዓሣ ትፈቅዳለች፤ በዐቢይ ጾም ግን አትፈቅድም። የእኛ መምህራን በየትኛውም ጾም አይበላም ይላሉ። ምእመኑ ደግሞ ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ይተዋል።

ክርክሩ መሃል የተረሱ ሰዎች አሉ። ከእኛ ሜኑ በፊት በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጎረቤታቸው ሲናቁ፣ ማዕድ ሲከለከሉ ኖረዋል። አብዛኞቹ ራሳቸው ሙስሊሞች መሆናቸው እንኳ ከንቀቱ አላዳናቸውም። ዓሣውን ስንቀበል አጥማጁን ገፋነው።

ከዚያ ሞተሩ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የሆላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ያስተዋወቀ ፕሮጀክት ጀመሩ። ልብ በሉ፣ በጾም ዓሣ አይበላም የምትለው ቤተ ክርስቲያን ናት ለድሃ አጥማጆች ኑሮ ብላ የገባችበት። ሐሳቡ ቀና ነበር። መረቡ ግን እየበዛ ሄደ። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው፣ ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙት ዓሦች፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ ቀነሱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት በክረምት፣ እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ነው። የወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል። ለመውለድ የሄደ ዓሣ ሳይወልድ ይቀራል። ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም የሚጾምበት ወር፣ በዚሁ ወቅት መሃል ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ አዋጅ ብቻውን ግን መረብ አያነሳም።

ስለዚህ ትሪ ላይ የምታጋድሙት ዓሣ የትኛው እንደሆነ ይለያያል። ቆሮሶ እንቁላል ለመጣል ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። በክረምት ዓሣ ስትገዙ «የየት ነው? ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥጋ ስንገዛ ሽንጥ ነው ታላቅ፣ በሬ ነው ላም ብለን እንጠይቅ የለ? ዓሣንም የሥጋ ተተኪ ማድረጋችንን ስንተው ነው ዝርያውን፣ ወቅቱንና አጥማጁን ማየት የምንጀምረው። ስሙ ያኔ ራሱ ይመጣል።