ዝግ ብሎ የሚነፋ ትራምፔት

ትራምፔት ከጥንት ጀምሮ ለጦርነትና ለአዋጅ የሚነፋ፣ ከሩቅ እንዲሰማ የተሠራ መሣሪያ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ቢቦፕ የተባለው የጃዝ ስልት ሲነሣም ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ ከድምፁ ጫፍ ላይ ሆኖ ኖታዎቹን በሚያስደንቅ ፍጥነት ያወርዳቸው ስለነበር፣ የጎበዝ ነፊ መለኪያው ከፍታና ፍጥነት ሆነ። ኩል ጃዝ በተባለው ለስላሳ ስልት የሚነፋ ትራምፔት የሚያስደስተን፣ በእኔ እምነት፣ ይህን መለኪያ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ሆን ብለው ስለተዉት ነው። የ22 ዓመቱ ትራምፔት ነፊ ማይልስ ዴቪስ በ1948 ሮያል ሩስት በተባለው ክለብ ይዞት የቀረበው የዘጠኝ ሰዎች ቡድን ለዚህ ምስክር ነው። በጃዝ ቡድን ውስጥ እምብዛም የማይታዩት ፍሬንች ሆርንና ቱባ ገቡበት፤ ጊል ኢቫንስ፣ ጄሪ መሊጋንና ጆን ሉዊስም ሲያቀናብሩ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ተዋህዶ እንዲለሰልስ አደረጉ። ገበያው ግን ቶሎ አልተቀበላቸውም። በ1949 እና በ1950 የቀረጿቸው ሥራዎች «በርዝ ኦቭ ዘ ኩል» ተብለው በአንድ ሸክላ የወጡት በ1957 ነው።

ማይልስ ወደ መካከለኛው ድምፅ የወረደው የዲዚን ከፍታ ስላልቻለው ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ የሚያስረዳው ግን የተወውን ብቻ ነው። በምትኩ ያመጣው ነገር ብዙ ልፋት የጠየቀ ነው። መምህሩ ኤልዉድ ቡካናን ገና በልጅነቱ ድምፁን ሳያርገበግብ እንዲነፋ መክሮት ነበር። ሳይርገበገብ የሚወጣ ድምፅ መሸሸጊያ የለውም፤ ኖታው ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ወዲያው ይሰማል። በ1950ዎቹ ደግሞ ሃርመን የሚባለውን የብረት ማፈኛ፣ መካከሉ ላይ ያለችውን ቱቦ አውጥቶ፣ ይጠቀም ጀመር። ዙሪያው በቡሽ ስለሚታሸግ ትንፋሹ ሁሉ በማፈኛው ውስጥ ያልፋል፤ የሚወጣውም ቀጭን፣ ሹል ድምፅ ነው። ማይልስ ይህን ድምፅ ማይክሮፎኑ ሥር ተጠግቶ ሲነፋው አድማጩ ጆሮ ላይ የሚንሾካሾክ ይመስላል። ይህን ሙዚቃ ስሜት የለሽ ነው ብለው የሚያጣጥሉት ሰዎች ስሜትን ከድምፅ ጉልበት ጋር ያምታቱብኛል። ነጩ ትራምፔት ነፊ ቼት ቤከር በ1952 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፒያኖ በሌለው የመሊጋን ኳርቴት ሲጫወት በእያንዳንዱ ሐረግ መካከል ያለው ዝምታ ራሱ ይናገራል፤ ከሥሩ ኅብረ ድምፅ የሚያሰማ ፒያኖ ስለሌለ አድማጩ የጎደለውን በልቡ ይሞላል። በዚያ ዘመን ከተቀዱት የትራምፔት ሥራዎች ይህን ያህል ሐዘን የያዙ ጥቂት ናቸው።

ከቤከር ዝና የተነሣ ኩል ጃዝን የካሊፎርኒያ ነጮች ፈጠራ አድርጎ ማየትም ተለምዷል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። የማይልስ ቡድን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ነበር፤ ከዚያም በፊት ጥቁሩ ሳክስፎኒስት ሌስተር ያንግ በ1930ዎቹ ከባንድ መሪው ካውንት ቤዚ ጋር ሲጫወት ይህን ልስላሴ ለሁሉም አሰምቷል።