የአሜሪካ ሬፑብሊክ በተመሠረተበት ዘመን የትምህርት ነገር

አንድ ሕዝብ የንጉሥን አገዛዝ ትቶ ራሱን በራሱ ለማስተዳደር በተነሣ ጊዜ የትምህርት ነገር የመንግሥት ነገር ይሆናል። ሕግ አውጪውን የሚመርጠውና የሚሽረው ተራው ሰው ከሆነ፥ ይህ ሰው ክፉውን ከደጉ ለይቶ ያውቅ ዘንድ ማን ያስተምረው? የሚያስተምረውስ ሰው ደመወዙን ከማን እጅ ይቀበል? በሰሜን አሜሪካ የነበሩት 13 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በ1776 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነፃነታቸውን ካወጁ በኋላ ይህ ጥያቄ ከ60 ዓመት በላይ ሲያከራክራቸው ኖሯል። ክርክሩ ትምህርት ቤት ከግብር፥ ከምርጫ መብትና ከባርነት ጋራ እንዴት እንደ ተሳሰረ ስለሚገልጥ፥ በማስተማር ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሊመረምሩት የሚገባ ታሪክ ነው።

አዲሱ መንግሥት በ1790 የመጀመሪያውን የሕዝብ ቈጠራ ባደረገ ጊዜ የሕዝቡ ብዛት 3.9 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ውስጥ ወደ 700,000 የሚጠጉት ባሮች ነበሩ። በከተማ የሚኖረው ከ20 ሰው አንዱ ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው በየገጠሩ ተበትኖ መሬት የሚያርስ ነበር። የትምህርቱም ሁኔታ እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። በሰሜን በኩል በማሳቹሴትስ ከ1647 ጀምሮ 50 ቤተ ሰብ ያለበት መንደር ሁሉ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፥ 100 ቤተ ሰብ ያለበትም ከፍ ያለ የላቲን ትምህርት ቤት እንዲያቆም ታዝዞ ነበር። የዚያ ሕግ ዋና ዓላማ ሕዝቡ ቅዱሳት መጻሕፍትን ራሱ አንብቦ ሰይጣን እንዳያሳስተው ለመጠበቅ ነበር። በመካከለኞቹ ግዛቶች ትምህርት ቤቶቹን የሚይዙት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በደቡብ ግን ባለጸጋው የእርሻ ጌታ ለልጆቹ በቤቱ መምህር ሲቀጥር፥ የድኻው ነጭ ልጅ ያለ ፊደል፥ የባሪያው ልጅም ከነጭራሹ ያለ ተስፋ ያድግ ነበር።

በ1787 በፊላደልፊያ የተጻፈው ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም። በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው ማሻሻያም ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ የየግዛቶቹና የሕዝቡ እንዲሆን ስለ ደነገገ፥ ትምህርት የየግዛቱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ከሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ በ1785 ኮንግሬስ አንድ ታላቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። በስተ ምዕራብ ያለው መሬት እየተለካ ርዝመቱም ወርዱም 6 ማይል በሆነ ወረዳ እንዲከፈል፥ እያንዳንዱም ወረዳ በ36 እኩል ክፍል እንዲሸነሸን ታዘዘ። ከነዚህም 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት መተዳደሪያ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ስላለው አገር የወጣው ደንብ ሃይማኖት፥ ግብረ ገብነትና ዕውቀት ለመልካም አስተዳደር አስፈላጊ መሆናቸውን ገልጦ፥ ትምህርት ቤት ምን ጊዜም እንዲበረታታ አዘዘ። ባርነትንም በዚያ ምድር ከለከለ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ በገመድ እየተለካ ለትምህርት የተሰጠው መሬት ባለቤት የሌለው ምድር አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ የሰፈሩበት የአገሩ ተወላጆች በውልም በጦርም እየተገፉ የለቀቁት ነው። የአንዱ ልጅ መማሪያ የተሠራው ሌላው ከተነቀለበት መሬት በተገኘ ሀብት ነበር።

ትምህርትን የሪፑብሊክ ምሰሶ ለማድረግ ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው የነፃነቱን አዋጅ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። በ1779 ለቨርጂንያ ምክር ቤት የቀረበው ረቂቁ እያንዳንዱ አውራጃ በትናንሽ ቀበሌዎች ተከፍሎ በየቀበሌው አንድ ትምህርት ቤት እንዲቆም፥ ነፃ የሆነ ሰው ልጅ ሁሉ ወንድም ሴትም ሳይባል ለ3 ዓመት ያለ ክፍያ ንባብ፥ ጽሕፈትና ሒሳብ እንዲማር የሚያዝዝ ነበር። የንባቡም መጻሕፍት የግሪክን፥ የሮማን፥ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ታሪክ እንዲይዙ አሰበ፤ ያለፈውን ግፍ ያወቀ ሕዝብ የሚመጣውን ግፍ ገና ከሩቅ ይለየዋል ብሎ ያምን ነበርና። ከድኾች ልጆች መካከል የላቀ አእምሮ ያላቸው ወንዶች በየዓመቱ እንደ እህል እየተበጠሩ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲገቡ፥ ከእነሱም የተመረጡት በመንግሥት ወጪ እስከ ኮሌጅ እንዲደርሱ ታቅዶ ነበር።

ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1796 የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት ክፍል ብቻ ሕግ ሆኖ ቢወጣም፥ ትምህርት ቤት መክፈትና አለመክፈት ለየአውራጃው ዳኞች ፈቃድ ተተወ። ዳኞቹ ደግሞ ራሳቸው ባለ ርስቶች ነበሩ። ግብሩ በሀብት ልክ የሚከፈል ስለ ሆነ፥ ለድኻው ልጅ ትምህርት ቤት ለመክፈት መፍቀድ ማለት የራሳቸውን ኪስ ለመክፈት መፍቀድ ነበር። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። ጄፈርሰንም በሸመገለ ጊዜ አሳቡን ከፍ ወዳለው ትምህርት አዙሮ በ1819 የቨርጂንያን ዩኒቨርሲቲ አስቋቋመ፤ በ1825ም ተማሪዎች ገቡበት። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንዲጻፍለት ካዘዛቸው ሦስት ሥራዎች አንዱ የዚህ ዩኒቨርሲቲ አባት መሆኑ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሆኖ መግዛቱን ግን አላስጻፈም። ሆኖም ስለ ዕውቀት ብርሃን ይህን ያህል የደከመው ሰው በሕይወት ዘመኑ ከ600 የሚበልጡ ባሮች ነበሩት፤ የዩኒቨርሲቲውም ሕንጻ በባሮች ጉልበት ጭምር የተሠራ ነው።

መንግሥት በዘገየበት ጊዜ መጽሐፍና ጋዜጣ ቀድመው ሄዱ። ኖኅ ዌብስተር የተባለ ወጣት መምህር በእንግሊዝ አገር የተዘጋጁትን የማስተማሪያ መጻሕፍት ቅር ብሎት በ1783 የፊደልና የንባብ መጽሐፍ አሳተመ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ይህ ትንሽ መጽሐፍ በሚቀጥለው መቶ ዓመት በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ በየግዛቱ ተበታትኖ የነበረውም ሕዝብ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲይዝ ረዳው። በ1792 የወጣው የፖስታ ሕግ ደግሞ ደብዳቤ እንደ መንገዱ ርቀት ከ6 እስከ 25 ሳንቲም ሲከፈልበት፥ ጋዜጣ ግን እስከ 100 ማይል ድረስ በ1 ሳንቲም እንዲላክ ፈቀደ። ገበሬው በዚህ መንገድ በዋና ከተማው የሚደረገውን ክርክር በደጁ ሆኖ አነበበ። በአሌክሳንደር ሃሚልተንና በጄፈርሰን ወገኖች መካከል የተነሣው የፓርቲ ትግል በጋዜጣ የተካሄደ ነው። በ1798 መንግሥትን በሐሰት የሚነቅፍ ይቀጣ የሚል ሕግ ወጥቶ አንዳንድ ጋዜጠኞች ቢታሰሩም፥ ሕዝቡ በ1800 ምርጫ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስን አወረደ። በ1801ም ሥልጣን ያለ ደም መፍሰስ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለመምረጥ ሀብት ያስፈልጋል የሚለው ሕግ በየግዛቱ እየተሻረ ሄዶ ድኻው ነጭ ወንድ ድምፅ አገኘ። ይኸው ለውጥ ግን ለሌሎች በሩን ዘጋ። በኒው ጀርሲ ሀብት የነበራቸው ሴቶች ሲመርጡ ኖረው በ1807 ተከለከሉ። የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥትም በ1821 የነጩን የሀብት ግዴታ ሲያቀልል በጥቁሩ ላይ የ250 ዶላር ርስት ግዴታ አጸና። የድምፅ ባለቤት የሆነው ሠራተኛ በ1820ዎቹ መጨረሻ በፊላደልፊያና በኒው ዮርክ የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ በፔንሲልቬንያ ያለ ክፍያ የሚማር ልጅ ወላጁ ድኻ መሆኑ በመዝገብ መጻፍ ነበረበት። ይህን ውርደት የጠላ አባት ልጁን በቤት ያስቀር ነበር። በ1834 ለሁሉ የሚሆን ትምህርት ቤት እንዲቆም ሕግ ወጣ፤ ግብሩን የጠሉ ሰዎች ግን በሚቀጥለው ዓመት ሊሽሩት ተነሡ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከእነሱ ጋራ ተስማምቶ ሳለ፥ በድኽነት ያደገው ታዴየስ ስቲቨንስ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቆሞ ባደረገው ንግግር ሕጉን አዳነው።

በማሳቹሴትስ በ1837 የትምህርት ቦርድ ሲቋቋም ሆሬስ ማን የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆነ። የተወለደባት መንደር በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ተጠርታ ለቤተ ክርስቲያኗ ደወል እንዲሰጣት ብትለምነው፥ እሱ በደወሉ ፈንታ መጻሕፍት ልኮላት ነበር፤ ማንም በልጅነቱ ያነበበው እነዚያን መጻሕፍት ነው። ሹመቱን ከተቀበለ በኋላ በግዛቱ ውስጥ እየተዘዋወረ ሲመረምር የትምህርት ቤቶቹን መፍረስ፥ የመምህራኑንም አለመሠልጠን ተመለከተ። ያን ጊዜ መምህር የሚሆነው በክረምት ሥራ የፈታ ሰው ወይም ሌላ ሙያ እስኪያገኝ የሚጠባበቅ ወጣት ነበር፤ በብዙ ስፍራም ከደመወዙ ከፊሉ በየተማሪው ቤት ተራ በተራ ማደርና መብላት ነበር። ኤድመንድ ድዋይት የተባለ ነጋዴ 10,000 ዶላር ሲሰጥ ምክር ቤቱም ያንኑ ያህል ጨመረና በአገሩ በመንግሥት የተቋቋመው የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በሌክሲንግተን ሐምሌ 3 ቀን 1839 ተከፈተ። በዚያ ቀን የመጡት ተማሪዎች 3 ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። ሳይረስ ፒርስ የተባለው ርእሰ መምህር ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በፍራሚንግሃም የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የሴቶች ወደ መምህርነት መግባት ሁለት ምክንያት ነበረው። ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ በ1787 በፊላደልፊያ ባደረገው ንግግር፥ ነፃ ዜጎችን የምታሳድግ እናት ራሷ መማር አለባት ብሎ ነበር፤ ከዚህ አሳብም የተማሩ ሴቶች ቍጥር በዛ። ሁለተኛው ምክንያት ርካሽነት ነው። ለሴት መምህር የሚከፈለው ከወንዱ ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለ ነበረ፥ ግብር የሚከብደው መንደር ሁሉ ሴት መቅጠርን መረጠ። የሕዝብ ትምህርት የተስፋፋው ከፊሉን ወጪ መምህራኗ በጐደለ ደመወዟ ከፍላ ነው።

የፊደልን ኀይል ከሁሉ አብልጠው ያወቁት ግን የከለከሉት ሰዎች ነበሩ። ደቡብ ካሮላይና ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር የከለከለችው ገና በ1740 ነው። በ1829 ዴቪድ ዎከር የተባለ ነፃ ጥቁር ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ ካሳተመ በኋላ፥ በ1831ም ናት ተርነር በቨርጂንያ ባሮችን አስነሥቶ ካመፀ በኋላ፥ ክልከላው በብዙ የደቡብ ግዛቶች ጠነከረ። በባልቲሞር አንዲት እመቤት ፍሬድሪክ ዳግላስ ለሚባለው ትንሽ ባሪያ ፊደል ማስቈጠር ስትጀምር ባሏ፥ ይህ ልጅ ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይሆንም ብሎ ከለከላት። ልጁም ከዚያ ቃል የነፃነቱን መንገድ ተረዳ። ለድኻ ነጭ ልጆች እንጀራውን እየሰጠ ንባብ ተማረባቸው፤ በኪሱ ይዞት የሚዞረውም የዌብስተር የፊደል መጽሐፍ ነበር። በ1838 ከባርነት አምልጦ ከዘመኑ ታላላቅ ተናጋሪዎችና ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ።

ሰሜኑም ከዚህ ኀጢአት ንጹሕ አልነበረም። ባርነትን የሚቃወም ማኅበር በ1787 በኒው ዮርክ ለጥቁር ልጆች የከፈተው ትምህርት ቤት እንደ ጄምስ ማኩን ስሚዝ ያሉ ሰዎችን አፍርቷል፤ እሱም የአገሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስላልተቀበሉት ወደ ግላስጎ ሄዶ በ1837 ዶክተር ሆነ። በኮኔቲከት ደግሞ ፕሩደንስ ክራንዳል የተባለች መምህር በ1832 አንዲት ጥቁር ልጃገረድ በመቀበሏ ነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። እሷም ትምህርት ቤቱን በ1833 ለጥቁር ልጃገረዶች አደረገችው። ምክር ቤቱ ከሌላ ግዛት የመጡ ጥቁሮችን ያለ መንደሩ ፈቃድ ማስተማር የሚከለክል ሕግ ወዲያው አወጣባት፤ ታሰረችም፤ በ1834 ሌሊት ሰዎች መጥተው መስኮቱን ሁሉ ስለ ሰባበሩባት ለተማሪዎቿ ሕይወት ፈርታ ዘጋችው። ሕጉ የተሻረው በ1838 ነው።

ይህ ታሪክ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስረዳል። የአሜሪካ ሬፑብሊክ መሥራቾች ያልተማረ ሕዝብ ነፃነቱን ሊጠብቅ እንደማይችል በትክክል አውቀው ነበር። ነገር ግን ሕዝብ የሚለውን ቃል እያጠበቡ ስለ ተረጐሙት፥ ቃላቸውና ሥራቸው ሳይገናኝ ብዙ ዘመን አለፈ። የቀለም ልዩነት በትምህርት ቤት ሕገ ወጥ መሆኑን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፈረደው በ1954፥ ማለት የነፃነቱ አዋጅ ከወጣ ከ178 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ አዋጁ እውነት እንዲሆን ከሠሩት መካከል መንግሥት የሾማቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ በጠባብ ክፍል ያስተማሩ፥ በሩ ሲዘጋም ሌላ በር የፈለጉ መምህራን ናቸው። የትምህርት ሹማምንትም ከዚህ የሚመለከቱት አለ፤ ለትምህርት ቤት የወጣ ሕግ የሚከፍለው ገንዘብና የሚያስተምረው የሠለጠነ ሰው ካልተዘጋጀለት፥ እንደ ቨርጂንያው የ1796 ሕግ በመዝገብ ተጽፎ ይቀራል።