ጠገራ ብር እና የሻጭና የገዢ መተማመን

ዛሬ ከሐርቡ ተነስቶ ለሙሽራ ወርቅ ሊገዛ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል፤ ሻጩም መልእክቱን አይቶ ዕቃውን ያስረክባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄ ግን የቆየ ነው። ክፍያው እውነተኛ ነው? ወርቁስ? የዚህ መንገድ ነጋዴዎች ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን የሠራ መልስ ነበራቸው፤ ጠገራ ብር።

ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመረቱ ቀጠለ። በቀይ ባሕር ወደቦች ገብቶም የኢትዮጵያ ገበያዎች ትልቁ መገበያያ ሆነ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው።

ነጋዴው ግን ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎችና ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አንድ በአንድ ያያል። ምልክቱ ከፈዘዘ ወይም ከጎደለ ይመልሰዋል። ዳሩ ላይ ጎላ ብለው የወጡ ፊደሎች ስላሉም ዙሪያውን ሞርዶ የሰረቀበት ሰው ሥራው አይደበቅም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህን ምርመራ በዓይኑና በጣቱ መሥራት ይችል ነበር።

ብሩ ገዢውንም ይጠብቅ ነበር። ወርቅ የሚመዘነው በወቄት ነው፤ አንድ ወቄት ደግሞ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር። ስለዚህ ገዢ የሻጩን ሚዛን ቢጠራጠር የገዛ ኪሱ ውስጥ መመዘኛ አለው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ በሚገኘው በባቲ የሰኞ ገበያ ጠገራ ብርና የብር ጌጥ ጎን ለጎን ይሸጡ የነበረው በከንቱ አይደለም። አንጥረኛው ጌጡን የሚሠራው ብሩን አቅልጦ ነው፤ ደንበኛው ራሱ መርምሮ ያመነውን ብር ሰጥቶ ጌጥ ያሠራል።

አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመቱ። ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነበር። ሆኖም ገበያው የለመደውን አልለቀቀም። ጣሊያኖች ለኤርትራ ያስመቱት ብርም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። የመንግሥት ገንዘብ የበላይነቱን መያዝ የጀመረው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ነው፤ ያኔም ቢሆን አብሮት የወጣው 50 ሳንቲም የተሠራው ከብር ነበር። ሕዝቡ በእጁ መርምሮ ያላረጋገጠውን ነገር በአዋጅ ብቻ አያምንም።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባንክ መተግበሪያዎችም ከእሱ ጋር፣ ክፍያን ወደ ስልክ አምጥተውታል። ፈጣን ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመጓዝም ያድናል። ግን የተጭበረበረ የክፍያ መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ መሄድ የታወቀ ሌብነት ሆኗል። የገዢን ስልክ አይቶ ወርቅ ማስረከብ ዕንቁውን ሳያዩ ጠገራ እንደመቀበል ነው። ሻጭ ገንዘቡ መግባቱን በራሱ ሒሳብ ያረጋግጥ። ገዢም ወርቁ ፊቱ ይመዘንለት፤ ካራቱና ግራሙ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል።

የጥንቱ ነጋዴ ብሩን ሲመረምር ማንም «አላመንከኝም» ብሎ አይቀየመውም ነበር። ምርመራው የንግዱ ወግ ነበርና። ዛሬም «ቆይ፣ መግባቱን ልይ» ማለት ነውር መሆን የለበትም።