በኬሚስትሪ ዲግሪ ውስጥ የውጭ አገር ትምህርትና የሥራ ልምምድ፦ ምንነቱና አሠራሩ

ኬሚስትሪ በንባብ ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም፤ ሚዛንን፣ ብልቃጥንና የመለኪያ መሣሪያን በእጅ ማወቅን ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ተማሪዎቻቸው ከትምህርት ዘመናቸው ከፊሉን በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም ወይም ፋብሪካ እንዲያሳልፉ ያደርጋሉ። ይህ ቆይታ ትምህርትን አቋርጦ ለሥራ ከመሰደድ የተለየ ነው። ተማሪው የላከው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ይቀጥላል፤ በውጭ የሠራውም ለዲግሪው ይቆጠርለታል።

የቆየ ልማድ

ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ተጉዞ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በጌይ ሉሳክ ቤተ ሙከራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1824 በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። በዚያ ያደራጀው ቤተ ሙከራም በተራው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጭምር ተማሪዎችን ሳበ። ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1840 ባሳተመው የግብርና ኬሚስትሪ መጽሐፉ ሰብል ከአፈር ስለሚወስዳቸው ማዕድናት አስተምሯል። አርሶ አደሩ ዛሬ የሚጠቀምበት የማዳበሪያ ሳይንስ ከመሠረቶቹ አንዱ ይኸው ሥራ ነው።

አሠራሩ

በእንግሊዝ ኤምኬም የሚባለው ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። ይህን አማራጭ የመረጡ ተማሪዎች አንዱን ዓመት በውጭ ዩኒቨርሲቲ ወይም በኢንዱስትሪ ያሳልፋሉ። በኢንዱስትሪ የሚሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሲሆን፣ አንድ ተቆጣጣሪ ከድርጅቱ፣ አንድ አማካሪ መምህር ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ይመደብላቸዋል። የሥራ ሪፖርት አዘጋጅተውም ይመዘናሉ። ለአገሬው ተማሪዎች በኢንዱስትሪ የሚያልፈው ሙሉ ዓመት የትምህርት ክፍያ ከመደበኛው ጣሪያ 20 በመቶ፣ በውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፈው ደግሞ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ኢራስመስ መርሐ ግብር ተማሪዎችን ከአገር ወደ አገር ያንቀሳቅሳል። አሠራሩን የሚቻል ያደረገው የጋራ መለኪያ ነው። የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ተብሎ ይቆጠራል፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሥራን ይወክላል። ተማሪው ከመጓዙ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች ተዘርዝረው በላኪው ዩኒቨርሲቲ፣ በተቀባዩ ተቋምና በተማሪው ይፈረማሉ። ይህ ስምምነት ሳይፈረም የሄደ ተማሪ በሰው አገር የደከመበት ትምህርት በአገሩ ሳይቆጠርለት ቀርቶ ዓመቱ ሊባክንበት ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ያለው በር

ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አመልካቾችም ክፍት ነው። በትንተና ኬሚስትሪ የተዘጋጀው አንዱ መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ዓመት በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በስዊድን፣ በፈረንሳይ ወይም በፊንላንድ እንዲያልፍ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ባለው የኅብረቱ የበጀት ዘመን ነፃ የትምህርት ዕድሉን ያገኘ ተማሪ በወር 1 ሺህ 400 ዩሮ ይሰጠዋል፤ የትምህርት ክፍያም አይጠየቅም።

ሌላው መንገድ "ሳንድዊች" የሚባለው ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መርሐ ግብር ኢትዮጵያን ጨምሮ ከበርካታ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በዚህ መንገድ ሲሠራ ቆይቷል። ተመራማሪው ተማሪ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ይቆይና ለተወሰኑ ወራት ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ በአገሩ በማይገኝ መሣሪያ ናሙናውን መርምሮም ይመለሳል። የዚህ አሠራር ጥቅም የምርምሩ ጥያቄ ከአገር ቤት መነሳቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ወይም በእህል ላይ የሚቀር የፀረ ተባይ ኬሚካል በእንዲህ ያለ ጉዞ ሊመረመር የሚችል ጉዳይ ነው።

ከመሄድ በፊት መጣራት ያለበት

ተማሪውም ቤተሰቡም አስቀድመው ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በውጭ የሚገኘው ውጤት ለዲግሪው መቆጠሩ በጽሑፍ መረጋገጡ ነው። ሁለተኛው የጉዞውን፣ የኑሮውንና የጤና መድኅኑን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ማወቅ ነው። ሦስተኛው ቪዛው ትምህርትን ብቻ ወይስ ሥራንም የሚፈቅድ መሆኑን መለየት ነው፤ የተማሪ ቪዛ በብዙ አገሮች የሥራ ሰዓትን ይገድባል። አራተኛው የቤተ ሙከራ ደኅንነት ሥልጠናና ኬሚካል ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን ዋስትና መኖሩን መጠየቅ ነው።

የኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከቻ በቀጥታ መርሐ ግብሩን ለሚያካሂዱት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀርባል፤ ደላላ አያስፈልገውም። "ቦታ አስይዝልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ በሬ ከመሸጥና ከመበደር በፊት የመቀበያ ደብዳቤውን ትክክለኛነት ከዩኒቨርሲቲው ማጣራት ይገባል። ተማሪው የሚማርበት የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍልም ኮርሶቹ ይቆጠሩ እንደሆነ ለመጠየቅ የመጀመሪያው በር ነው።