የወላይታ ዘፈንና ጭፈራ፦ በጆሮና በትውስታ የመተላለፉ ታሪክ

መግቢያ

የወላይታን ሕዝብ ያለፈ ታሪክ ከጽሑፍ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚያገኘው የ1887 ዓ.ም.ን ዘመቻ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪከ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ መዝግበውታል። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄምም በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን ተርኮታል። ሁለቱም ሁኔታውን የተመለከቱት ከአሸናፊው ሰፈር ሆነው ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስሎ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ፣ በተሸነፈው ወገን በኩል ድርጊቱን በብራና የሚያሰፍር ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረም። ሕዝቡ ያለፈውን የሚያስታውሰው በዘፈኑ፣ በሙሾው፣ በፉከራውና በትረካው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነዚህን ዘፈኖች ግጥም ሰብስቦ መተንተን አይደለም። ጥያቄው ከዚያ ይቀድማል፦ ፊደልም የዜማ ምልክትም ሳይኖር ይህ ሀብት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈው እንዴት ነው? ዛሬስ የሚያሰጋው ምንድን ነው? የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ዘፈኑን ያቆየው የአንድ ሰው ጥሩ ትውስታ ሳይሆን ሕዝቡ የሚዘፍንበት አጋጣሚና የሚቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ከጠፉ ግጥሙን በወረቀት ማስቀረት ብቻውን አያድነውም።

1. የጽሑፍ አለመኖር እንደ ጉድለት

በጽሑፍ ባህል ውስጥ ያደግን ሰዎች በቃል የሚተላለፈውን ሁሉ ለመጥፋት የተቃረበ ደካማ ነገር አድርገን የማየት ልማድ አለብን። ይህ አመለካከት በራሳችን ቤት ፊት የሚጸና አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ምልክት እንደተበጀለት ይነገራል። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ደቀ መዝሙር ከመሪጌታው አፍ ሳይሰማ ድጓውን በምልክቱ ብቻ አንብቦ ሊያዜም አይችልም። ምልክቱ የሚያገለግለው የሰማውን ሰው ለማስታወስ እንጂ ያልሰማውን ለማስተማር አይደለም። እንግዲህ በጽሑፍ የቆየ የሚባለውም ዜማ ቢሆን የሚኖረው በጆሮ ነው።

ከአገራችን ውጭ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩጎዝላቪያ የጀግና ተረክ አዜሚዎችን በድምፅ ቀርጸው ነበር። ሎርድ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አዜሚው “ቃል በቃል ያንኑ ደገምኩት” ቢልም ቅጂዎቹ ሲነጻጸሩ አንድ ዓይነት አይደሉም። አዜሚው የሚሸመድደው የተጠናቀቀ ድርሰት ሳይሆን የተለመዱ ሐረጎችንና የአደራደር ደንብን ነው፤ በነዚህ እየታገዘ በየጊዜው እንደ አዲስ ይደርሳል። በአገራችንም ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም. በታተመው የሥነ ቃል መምሪያ ሥነ ቃልን ከክዋኔው ለይቶ ማየት እንደማይገባ ለተማሪዎች አስተምረዋል።

2. ተቀባዩ እንደ መዝገብ

የወላይታ ዘፈን በአብዛኛው የአውጪና የተቀባይ ዘፈን ነው። አውጪው ሐረጉን ያወጣል፣ ሕዝቡ በአዝማቹ ይቀበለዋል። አሠራሩ በአማራውም፣ በኦሮሞውም፣ በሌላውም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ተራ ይመስላል። ከትውስታ አንጻር ሲታይ ግን ሁለት ከባድ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛ፣ ተቀባዩ አዝማቹን በሚደግምበት ጊዜ አውጪው የሚቀጥለውን ሐረግ ያስባል። ሁለተኛ፣ አዝማቹ የሁሉም ሀብት ስለሆነ ዜማውና ምቱ በአንድ ሰው ሞት አይጠፋም። አውጪው ቢሳሳት ተቀባዩ ይመልሰዋል፤ ያረጀው አውጪ ሲደክም ከተቀባዮቹ አንዱ ወደ ፊት ይወጣል። ልጁም መጀመሪያ የሚማረው መቀበልን ነው። ሳያውቀው ለዓመታት ተምሮ አንድ ቀን አውጪ ሆኖ ይገኛል።

ጎረቤቶቹም ይህን ያጠናክሩልናል። በዳውሮ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራውና ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚረዝመው ድንካ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ በቡድን ይነፋል። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ በተራው ያስገባል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ድምር ነው። በሰሜኑ የሚታወቀው እምቢልታም እንዲሁ ነው። በጋሞ፣ በዶርዜ፣ ሎርታ ዣኮብ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀረጸው የብዙ ድምፅ ዝማሬም አንዱ ሰው ብቻውን ሊይዘው የማይችል ነው። በነዚህ ሁሉ ዜማው የተቀመጠው በሰዎች መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ጭፈራው የዚሁ መዝገብ አካል ነው። የወላይታ ጭፈራ በወገብና በዳሌ እንቅስቃሴው ይታወቃል። እግር ምቱን ይይዛል፤ ምቱ ደግሞ የሐረጉን ርዝመት ይወስናል። ቃሉ የጠፋበት ሰው ሰውነቱ መንገዱን ያሳየዋል። ግጥሙ ተቀምጦ እንዲነገርለት የሚጠይቅ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነገር የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. አጋጣሚው እንደ ትምህርት ቤት

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚከበረው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው። ዝግጅቱ ወራት ይፈጃል፤ ወንዶች ለቅርጫው በሬ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሲደርስ ሃያያ ሌኬ እየተባለ ይጨፈራል። በሥራ ከአገሩ የራቀውም፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከወንጂና ከመተሐራ፣ ለጊፋታ ወደ ቤቱ ለመመለስ ይጥራል። በዚህ መንገድ ዓመቱን ሙሉ ሳይዘፍን የቆየ ሰው ከአባቱና ከልጁ መካከል ቆሞ ይቀበላል። የሰርግ ዘፈን፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የደቦ ሥራ ዘፈንም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀን፣ ቦታና ባለቤት አላቸው። ሙሾ በሰርግ አይለመድም፤ የሰርግ ዘፈንም በለቅሶ ቤት አይጠናም። እነዚህ አጋጣሚዎች የዘፈኑ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

4. ሦስት ለውጦች

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከወንጌላውያን ክርስትና ጋር ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን በ1928 እ.ኤ.አ. በሶዶ አካባቢ ሥራ ጀመረ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ሚሲዮናውያኑ በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ወጡ። ሲወጡ መቶ የማይሞሉት የተጠመቁ አማኞች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ አሥር ሺህ እንደደረሱ የሚሲዮኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አማኞቹ ከአሮጌው አምልኮና ከመጠጥ ጋር የተያያዘውን ዘፈንና ጭፈራ ተዉ። ይሁን እንጂ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ጊዜ ትምህርቱን ያደረሰው በወላይትኛ በአውጪና በተቀባይ የሚዘመር መዝሙር ነበር። ስለዚህ አጋጣሚው ተለወጠ፣ ቃሉም ተለወጠ፤ መተላለፊያው መንገድ ግን ያው ነበር።

ሁለተኛው መድረክ ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ ከነሱም በፊትና በኋላ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች፣ ወላይታን ለመላው አገር አሳውቀዋል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ ዛሬ በየትም የሚታወቀው ለመድረኩም ምስጋና ይግባውና ነው። ነገር ግን መድረክ ለአንድ ብሔረሰብ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጊዜ የሚመረጠውም ፈጣኑና አስደሳቹ ነው። ለቅሶው፣ ደቦው፣ የሽማግሌው ዝግ ያለ ዘፈን ቦታ አላገኙም። ከሁሉ በላይ ተመልካቹ ዝም ብሎ አጨብጫቢ ሆነ፤ ተቀባይነቱ ቀረ።

ሦስተኛው የጽሑፍና የቅጂ መምጣት ነው። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኢትዮጵያ ፊደል ተጻፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ተቀላቅሎ “ወጋጎዳ” በሚል ስም የተዘጋጀው የትምህርት መጻሕፍት ቋንቋ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ቀስቅሶ ቀርቷል። ማንም በዚያ ቋንቋ አልቅሶ፣ ዘፍኖ አያውቅም ነበርና። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የእጅ ስልክ በየሰርጉ ይቀርጻል፤ ዘፋኞችም ሥራቸውን በዩቲዩብ ያሠራጫሉ። ይህ በጎ ነገር ነው። ሆኖም የተቀረጸው ዘፈን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የሚሰማው ወጣት የሚማረው አንዱን ቅጂ እንጂ የመድረስን ደንብ አይደለም።

ማጠቃለያ

ወላይታ ሶዶ በ1999 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ባለቤት ሆናለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። እንግዲህ የሚሰበስብ ሰውና ተቋም የለም ለማለት አይቻልም። ጥያቄው የሚሰበሰበው ምን እንደሆነ ነው። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሃምሳ ግጥሞችን ተርጉሞ ሲያቀርብ ደክሟል፤ ግን ማን አወጣ፣ ማን ተቀበለ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን እርምጃ የሚለው ካልተመዘገበ ያመጣው ቃሉን ብቻ ነው። ከዚህም አልፎ ሰብሳቢው ራሱ መቀበልን ቢማር መልካም ነው። የዘፈኑን ደንብ የሚያውቀው የሰማ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሳስቶ በተቀባዮቹ የታረመ ሰው ነውና።